ወሎ ባሕር ባይኖራትም ጨዋማ ውኃ አላት፦ ለምርምር ጽሕፈት ቤታችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበረው የዩኒቨርሲቲያችን የምርምርና ማኅበረሰብ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት፣

ግልባጭ፦ ለግዥና ንብረት አስተዳደር ክፍል፤ በወሎ ቆላ የመጠጥ ውኃ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የፖሊመር ሜምብሬን (ጨውን ከውኃ የሚለይ ስስ የፕላስቲክ ሉህ) ምርምራችን ከዘንድሮው በጀት እንዲወጣ የተሰጠውን ውሳኔ ይመለከታል

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ያወጣነው ወደን አይደለም። በውስጥ ማስታወሻ ጽፈን ነበር። መጀመሪያ “ኮሚቴው እየተወያየበት ነው” ተባልን። ቀጥሎ “ደብዳቤያችሁ መዝገብ ቤት ነው” ተባልን። ከዚያ የዓመቱ የምርምር ፕሮጀክቶች ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ የእኛ የለበትም። ጠርቶ የነገረን ሰው የለም። ከሰሌዳው ላይ ተጋፍተን አነበብን።

ምክንያቱን ያገኘነው ቆይቶ፣ ከግምገማ ቅጹ ላይ ነው። ሦስት ነጥብ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። አንደኛ፦ “ወሎ ባሕር የላትም፤ ጨው ከውኃ ማውጣት የአካባቢው ችግር አይደለም።” ሁለተኛ፦ “ሜምብሬን ከውጭ ተገዝቶ ሊመጣ ይችላል።” ሦስተኛ፦ “ቡድኑ ባለፈው ዓመት የተመደበለትን በጀት አልተጠቀመም።” ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። ከእኛ ጋር የተደረገ ውይይት ግን የለበትም። እንግዲህ ውይይቱን እዚህ እናድርገው።

አንደኛ፣ ስለ ባሕሩ

ባሕር የለንም፤ እውነት ነው። ግን ካርታውን አንድ ጊዜ እንየው። ኮምቦልቻን አቋርጦ የሚያልፈው ቦርከና ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርድና አዋሽ ይገባል። ከወሎ ደጋ የሚነሳው ሚሌም መጨረሻው አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ከደጋው አለትና አፈር ታጥቦ የሚወርደው ጨው መውጫ የለውም። ውኃው ይተናል፣ ጨዉ ይቀራል። የሌላ አገር ወንዝ ጨውን ተሸክሞ ባሕር ይደፋዋል። የእኛዎቹ እዚሁ ቆላ ላይ ያራግፉታል። ገምጋሚው ባሕር ስለሌለ ችግሩም የለም ብለዋል። እኛ የምንለው ተቃራኒውን ነው፤ ጨዉ እዚህ የቀረበት አንዱ ምክንያት ውኃችን ባሕር አለመድረሱ ነው። ቢጠይቁን ሻይ ሳይቀዘቅዝ እንነግራቸው ነበር።

ከዚያ ላይ ስምጥ ሸለቆው አለ። የከርሰ ምድሩ ውኃ በእሳተ ገሞራ አለትና በጥንት ሐይቅ ደለል ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ቦታ ቦታ ላይ ይሞቃል። ማዕድን ያሟሟል፦ ሶዲየም፣ ክሎራይድ፣ ሰልፌት፣ አንዳንድ ቦታም ፍሎራይድ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ሚሌ በወረዱ ቁጥር ዝናቡ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይበረታል። ጨዋማ ጉድጓድ የማግኘት ዕድልም ይጨምራል። ሁሉም ጉድጓድ ጨዋማ ነው አላልንም። ብዙም ሳይራራቁ ተቆፍረው አንዱ ጣፋጭ፣ ሌላው ጨዋማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጣፋጩ ቦኖ ይተከልለታል። ጨዋማው ክዳን ተበይዶበት ይቀራል። የተቆፈረበት ገንዘብም አብሮ ይቀበራል።

ከባቲ በታች አንድ መንደር ለናሙና ወርደን አንዲት እማማ ቡና አፈሉልን። ወሎ ገጠር ቡናን በጨው መጠጣት ያለ ነው፤ ጨው እስኪያቀርቡልን ጠበቅን። አላቀረቡም። “ልጆቼ፣ የእኛ ውኃ ጨው አስጨምሮ አያውቅም” ብለው ሳቁ። ቀመስነው። እውነታቸውን ነው። እጃችንን ስንታጠብ ሳሙናው አረፋ አላወጣም፤ ነጭ ነገር ሆኖ ጣታችን ላይ ቀረ። የሻይ ማንቆርቆሪያቸው ውስጡ ኖራ የተለቀለቀ ይመስላል። ጥግ ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን በነጠላ ቁራጭ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ከቦቴ የተገዛ ውኃ ነው፤ ለልጅ ልጃቸው ብቻ ነው የሚቀዳው። ለእንግዳ ክብር ብለው ከሱ ሊቀዱልን ሲነሱ ለምነን ነው ያስቀረናቸው። እንግዲህ “የአካባቢው ችግር አይደለም” የተባለው ይህ ነው።

በቁጥር እናስቀምጠው ካላችሁ እነሆ። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። የእኛ ሥራ ከዚያ እጅግ ባነሰው ላይ ነው፤ በሊትር ከ1 እስከ 5 ግራም በሚይዘው። ለምሳሌ በሊትር 2 ግራም ብንወስድ፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 40 ግራም ጨው አለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በውኃ ውስጥ የሟሟው ማዕድን በሊትር ከ1 ግራም ሲያልፍ ውኃው ለመጠጥ እያስቸገረ ይሄዳል። ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ጣሪያ ደግሞ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆች ጥርስ ይበልዛል። በጣም ሲበዛና ለዓመታት ሲጠጣ አጥንት ላይ ይደርሳል። በአገራችን ስምጥ ሸለቆ የአጥንት ከሰልም፣ በአሉም የሚሠራው የናልጎንዳ ዘዴም ተሞክረዋል። ሁለቱም ፍሎራይድን ይቀንሳሉ። ጨዉን ግን አይነኩትም።

የከተማውን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ቆዳ የሚጠበቀው በጨው ነው። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም ሲቀለምም ብዙ ጨው ይገባበታል፤ ቀለሙ ክሩ ላይ እንዲይዝ። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ ቦርከናን ተከትሎ ጨፋ ላይ የሚያርሰው ገበሬ ከታች ነው ያለው። ይህ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል።

ሁለተኛ፣ “ከውጭ ይገዛል” ስለተባለው

ይገዛል። ተገዝቶም ያውቃል። ቆላ ውስጥ በአንድ ግቢ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማሽን በእርዳታ ተተክሎ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳ። ለትንሽ ጊዜ ሠራ። ከዚያ ካልሲየሙ ሜምብሬኑ ላይ ጋገረና ደፈነው። መለወጫው የውጭ ዕቃ ነው። የውጭ ዕቃ ዶላር ይፈልጋል፣ ዶላር ወረፋ ይፈልጋል። አሁን ዶሮ ታድርበታለች። ቀልድ አይደለም፤ ዓይናችን ያየው ነው።

ማሽኑን ልናጣጥል አይደለም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ዓለም በሰፊው የሚጠቀምበት ዘዴ ነው። ለባሕር ውኃ ቢሆን እኛም እሱን እንመርጣለን። ሥራው ግን ውኃውን በከባድ ግፊት በሜምብሬን ውስጥ ማሳለፍ ነው። የምትጠጣው ጠብታ በሙሉ ተገፍታ ማለፍ አለባት። እኛ የያዝነው ኤሌክትሮዳያሊሲስ ሌላ ነው። ውኃው በመንገዱ ይሄዳል፤ ተጎትቶ የሚወጣው ጨዉ ነው። ምስር ውስጥ ጥቂት ጠጠር ሲኖር ጠጠሩን ነው የምንለቅመው፤ ምስሩን አንድ በአንድ አናነሳም። ጨዉ ጥቂት በሆነበት ውኃ ላይ ይህ ዘዴ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ እንግለጸው። ጨው ሲሟሟ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ሶዲየምና ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ክሎራይድ ይሆናል፤ እነዚህ አዮን ይባላሉ። በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ስስ የፖሊመር ሉሆች ይደረደራሉ። አንዱ ሉህ ሰልፎኔት የሚባል ኔጋቲቭ ቻርጅ ተተክሎበታል። እሱ ሶዲየምን ያሳልፋል፣ ክሎራይድን ይመልሳል። ቀጣዩ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተተከለበት ነው፤ ክሎራይድን አሳልፎ ሶዲየምን ይመልሳል። እየተፈራረቁ ይደረደሩና ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ይለቀቅባቸዋል። በአንዱ ክፍተት ጨዉ የወጣለት ውኃ ይወርዳል፣ በሚቀጥለው ክፍተት ጨዉ የተጠራቀመበት። በየተወሰነ ደቂቃ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ መገልበጥ ደግሞ መጋገር የጀመረውን ያራግፋል። ያቺ ዶሮ ቤት ያገኘችበትን ችግር ማለት ነው።

ጉልበቱስ? 50 ጀሪካን አንድ ሜትር ኩብ ነው። ከዚያ ውስጥ በሊትር 2 ግራም ጨው ለማውጣት በፋራዴይ ሕግ ሲሰላ 917 አምፒር-ሰዓት ያህል ቻርጅ መንቀሳቀስ አለበት። ለእያንዳንዱ የሜምብሬን ጥንድ ግማሽ ቮልት ብንይዝ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ብክነቱንና ፓምፑን ብለን በእጥፍ ብናሳድገው 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የባሕር ውኃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ሲጣራ በሜትር ኩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ሶላር ፓኔል የሚያመነጨው ራሱ ዲሲ ነው፤ ባቲ ደግሞ ፀሐይ አጥታ አታውቅም። ይህን ሕልም ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካው ኤምአይቲና የሕንዱ ጄይን ኢሪጌሽን በሶላር የሚሠራ ኤሌክትሮዳያሊሲስ ይዘው የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ያዘጋጀውን የጨው ማጣሪያ ውድድር አሸንፈዋል።

ሜምብሬኑን ራስ መሥራትም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ዋልተር ጁዳና ዌይን ማክሬ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ከሬዚን (አዮን ከሚለዋወጥ ፕላስቲክ መሰል ነገር) የተሠሩ ጥሩ ሜምብሬኖችን አስተዋወቁ። ያኔም ቢሆን ሁሉም ከአሜሪካ ገዝቶ አልቀረም። ደቡብ አፍሪካዎች በዚያው አሥርት ዓመት ከወርቅ ማዕድን የሚወጣውን ጨዋማ ውኃ ለማጣራት በአሲድ ከታከመ ወረቀት የራሳቸውን ሜምብሬን ሠሩ። ይህን ታሪክ በተለይ እንወደዋለን። ወረቀት ነው! ሕንድ ባቭናጋር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1954 የጨውና የባሕር ኬሚካል ምርምር ተቋም አቋቋመች። ተቋሙ ሜምብሬኑን በራሱ እየሠራ ጨዋማ ጉድጓድ ወዳለባቸው መንደሮች አወጣው። ጃፓን ደግሞ ነገሩን ገልብጣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የምግብ ጨውን ከባሕር ውኃ በዚሁ ሜምብሬን ታመርታለች። አንዳቸውም “ከውጭ ይገዛል” ብለው ቢተዉት ኖሮ ይህን አናወራም ነበር።

የእኛ አሠራር ከዚህ የራቀ አይደለም። ፖዘቲቩን የሚያሳልፈውን ሉህ የምንሠራው ከፖሊቪኒል አልኮል ነው። ዱቄቱን በ90 ዲግሪ አካባቢ ውኃ ውስጥ እናሟሟለን። ሰልፎሰክሲኒክ አሲድ እንጨምርበታለን። መስታወት ላይ በስሱ እናፈሰውና እናደርቀዋለን። ከዚያ ምድጃ ውስጥ በ120 ዲግሪ ይበስላል። አሲዱ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ የፖሊመሩን ክሮች እርስ በርስ ያስተሳስራል፣ ኔጋቲቭ ቻርጁንም ይተክላል። ሌላው ሉህ የገበያ ሬዚን ተፈጭቶ በፒቪሲ ማጣበቂያ የሚሠራ ነው። ሬዚኑን የምንፈጨው በቡና መፍጫ ነው፤ ሌላ መሣሪያ የለንም። መጀመሪያ በደንብ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ከሆነ መፍጫው ውስጥ ይለጠፋል። ከዚያ በስስ ወንፊት ይነፋል። ልሞ ያለፈው በፒቪሲው ሙጫ ይለወስና መስታወት ላይ ይዘረጋል።

አስቸጋሪው ቦታ የት እንደሆነ እንንገራችሁ፤ ገምጋሚዎች ይህን ጠይቀው ቢሆን ደስ ይለን ነበር። ሉሁ ላይ ብዙ ቻርጅ ሲተከል አዮን እንደ ልብ ያልፋል። ግን ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል። ሲያብጥ ቻርጆቹ ይራራቃሉና መለየቱን ይተዋል፤ ክሎራይዱም ሾልኮ ያልፋል። ማሰሪያውን ስናጠብቅ እብጠቱ ይቆማል። በዚህን ጊዜ ደግሞ ሉሁ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ ኤሌክትሪኩም አላልፍ ይላል። ገበያ ላይ ያሉት ሜምብሬኖች የመለዋወጥ አቅማቸው (የተተከለባቸው ቻርጅ መጠን) በአብዛኛው በአንድ ግራም ከ1 እስከ 2.5 ሚሊ-ኢኩቫለንት ነው። እዚያ መሃል ገብቶ አለማበጥ ነው ጨዋታው። ይህን ለመለካት የሚያስፈልገን ቡሬት (ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበት የመስታወት ቱቦ)፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ትዕግሥት ነው። ሉሁ በአሲድ ይነከራል፣ እስኪጠራ ይታጠባል፣ ጨው ውኃ ውስጥ ያድራል። የለቀቀው አሲድ በማግሥቱ በቡሬት ይለካል። በሚሊዮን ብር የሚገዛ ማሽን አልጠየቅንም።

የዘዴውን ጉድለትም እኛው እንናገር፤ ሌላ ሰው አግኝቶት እንዳይደነግጥ። ኤሌክትሮዳያሊሲስ ቻርጅ የሌለውን ነገር አያወጣም። ጀርም አያወጣም። ውኃው ከተጣራ በኋላ ክሎሪን ያስፈልገዋል። የሚወጣው ጨዋማ ዝቃጭ መሬት ላይ ከተደፋ ደግሞ መልሶ ጉድጓዱን ያበላሻል። በላስቲክ የተነጠፈ ማትነኛ ኩሬ ይፈልጋል። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ሉህ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቶሎም ያረጃል። እነዚህን ሁሉ ፕሮፖዛላችን ላይ ጽፈናቸዋል።

ሦስተኛ፣ “በጀት አልተጠቀሙም” ስለተባለው

እዚህ ላይ ትንሽ ተበሳጭተናል፤ ይቅርታ አድርጉልን።

በጀቱን ያልተጠቀምነው ሳንጠይቅ ቀርተን አይደለም። የግዥ ጥያቄ ያቀረብነው ዓመቱ ሲከፈት ነው። ፒቪሲ የሚያሟሟልን ቴትራሃይድሮፊዩራን ጠየቅን። ኔጋቲቭ አዮን የሚለዋወጥ ሬዚን ጠየቅን። ዲሲ ፓወር ሰፕላይ ጠየቅን። ስፔሲፊኬሽኑን ጽፈን ከነ ዝርዝሩ አስገባን። ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ። ዕቃው መጣ። ንብረት ክፍል ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ቆርጦ ተረከበ። የጠራን የለም።

ከረጢቱን ስንከፍት ሬዚን ነው፤ ቢጫ ፍሬ። ዓይን አይለየውም። ግን ጽሑፉ ለውኃ ማለስለሻ የሚሆን ነው ይላል። ማለስለሻ ደግሞ ፖዘቲቭ አዮን የሚለዋወጥ ነው፤ የጠየቅነው ተቃራኒውን ነው። እርግጠኛ ለመሆን ጥቂት ፍሬ ወስደን በአሲድ አጠብነው። እስኪጠራ አለቀለቅነው። ንጹሕ የጨው ውኃ ውስጥ ጨመርነው። ውኃው ወዲያው አሲድ ሆነ። የጠየቅነው ሬዚን ቢሆን አይሆንም ነበር። ማስረጃችንን ይዘን ግምጃ ቤት ሄድን። “አብሽሩ፣ ሬዚን ያው ሬዚን ነው” ተባልን። ሞዴል 19 ከተቆረጠ ዕቃው ተቀባይነት አግኝቷል፣ አይመለስም። የስንዴ ዱቄት ቢሆን ኖሮ እንኳን ሰው ከፍቶ ያሸትተው ነበር።

ጉዳቱ አንድ ከረጢት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱ ዓይነት ሉህ ካልተፈራረቀ ማጣሪያው አይሠራም። ሶዲየም የሚያሳልፍ ብቻ ብንደረድር ሶዲየሙ ከአንዱ ክፍተት ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ ውኃው አይጣራም። በዚያ ከረጢት የተነሳ የሥራችን ግማሽ ቆመ። ቴትራሃይድሮፊዩራኑ ጭራሽ አልመጣም። ፓወር ሰፕላዩ “በሂደት ላይ” እንዳለ ሰኔ 30 ደረሰ። በጀት ተዘጋ። ብሩ ተመላሽ ሆነ። አሁን ያ ተመላሽ የሆነው ብር የእኛ ስንፍና ሆኖ ቅጹ ላይ ተጻፈ። ግዥ ክፍል ያላወጣውን ብር እኛ ከየት አምጥተን እንጠቀመው?

መብራቱም አለ። ሉሁ 120 ዲግሪ ላይ እየበሰለ መብራት ከሄደ መተሳሰሩ በግማሽ ይቀራል። ደርቆ ሲታይ ደህና ይመስላል። ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ይልፈሰፈሳል፣ ጫፉም ይሟሟል። የቀኑ ሥራ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ጄኔሬተር አለ። የሚያበራው የአስተዳደር ሕንፃውን ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ከላብራቶሪያችን መስኮት የዚያን ሕንፃ መብራት እያየን እንቀመጣለን። የኮሪደሩ ጭምር ይበራል። ለአንዲት ትንሽ ምድጃ አንድ መስመር መሳብ ምን ያህል ኬብል ይፈጃል?

ከዚህ በላይ ያለውን አናበዛም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ላብራቶሪያችን ተዘርፏል። ሚዛን ሳይቀር ሄዷል። ያንን ማንም ያውቃል፤ በዚያ ጽሕፈት ቤታችሁን አንወቅስም። ከዚያ ወዲህ ግን የተረፈውን ጠግነን፣ ከየቤታችን ያለንን አምጥተን ነው የሠራነው። የቡና መፍጫውም የአንዷ ባልደረባችን እናት ነው። አሁንም ቤት ይፈለጋል።

የምንጠይቀው

ውሳኔው እንደገና ይታይ። በዚህኛው ጊዜ ከገምጋሚዎቹ ቢያንስ አንዱ ፖሊመር ወይም የውኃ ማጣሪያ የሚያውቅ ይሁን፤ እኛም ቀርበን እናስረዳ። ከግቢያችን ካልተገኘ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ይጠራ። ውሳኔው ያው ከሆነም ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጠን። “ባሕር የላትም” የሚለው ግን ምክንያት ሆኖ እንዳይመለስ እንለምናለን።

“በጀት አልተጠቀሙም” የሚለው ከቅጹ ይሰረዝልን፣ ወይም ከጎኑ የግዥ ጥያቄ ያቀረብንበት ቀን ይጻፍበት። ደብዳቤዎቹ መዝገብ ቤት አሉ ተብለናል፤ እንግዲያው ይፈለጉ።

ለላብራቶሪ የሚገዛ ኬሚካልና መሣሪያ ጠያቂው ክፍል አይቶ ሳይፈርም ሞዴል 19 አይቆረጥ። ይህ የእኛን ቡድን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ባዮሎጂም፣ ምሕንድስናም ያሉ ባልደረቦቻችን ተመሳሳይ ጉድ ያወራሉ። የመጣውን ሬዚን ማስመለስ ካልተቻለም ለግቢው ክሊኒክ የውኃ ማለስለሻ ይሁን። እኛ ጋር ቦታ ይዞ ተቀምጧል።

ከጄኔሬተሩ ወደ ላብራቶሪው አንድ መስመር ይሳብልን። ያ ካልሆነ ምድጃውን ለሁለት ሰዓት የሚያቆይ ባትሪና ኢንቨርተር ይበቃናል።

ግልባጭ ለደረሳችሁ የውኃ ባለሙያዎች ደግሞ ሁለት ነገር አለን። ጨዋማ ሆነው የተዘጉ ጉድጓዶች የት እንዳሉና ሲቆፈሩ የተወሰደው የውኃ ምርመራ ውጤት ምን እንደሆነ አጋሩን። የትኛው ውኃ ለኤሌክትሮዳያሊሲስ እንደሚሆን፣ የትኛው እንደማይሆን ከዚያ ነው የምንለየው። ጨዉ ብዙ ሰልፌትና ካልሲየም ያለበት ከሆነ አሠራሩ ይለያል፤ ዝም ብሎ ክሎራይድ ከሆነ ይቀላል። ሁለተኛው፣ ያ የቆመው ማሽን። ፓምፑ፣ ቧንቧውና የብረት መደርደሪያው ደህና ነው። በውሰት ስጡን። ለሙከራ ማጣሪያችን መነሻ ይሆነናል፤ ሲያበቃም በሞዴል ፈርመን እንመልሳለን። ዶሮዋን ባለቤቷ ሌላ ቦታ ያሳድራት።

የሚቀጥለው በጀት ከመጽደቁ በፊት መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ጽሕፈት ቤታችሁ ቢጠራን በማንኛውም ቀን፣ ከነ ሉሆቻችንና ከነ ቡሬታችን እንመጣለን።

ከሠላምታ ጋር

የፖሊመር ሜምብሬን ምርምር ቡድን
የኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻኖችና አማካሪ መምህር
ወሎ